የመዳፍ ሕግ

«ታውቀዋለች፤ ችግሩ እሱ ነው» አሉ መምህር ሐዲስ።

ዙለይካ ከመጋረጃው ጀርባ ቀሚሷን በአንገቷ አጥልቃ፣ አንድ እጇን ሳታወጣ ድርቅ ብላ ቀረች። መጋረጃ ይባል እንጂ አጎቷ ሳሊህ ከሱቁ ጣቃ ላይ ቀድዶ ቤቱን ለሁለት የከፈለበት አቡጀዴ ነው። ከወዲያ በኩል ሳሊህ ይተኛል፣ እንግዳ ይቀበላል፣ የጨውና የስኳር ጆንያውን እስከ ጣራው ይቆልላል፤ ከወዲህ በኩል ዙለይካና እናቷ ኡሙሰልማ በአንድ ቁርበት ላይ ያድራሉ። አባቷ አብዱልመናን ባቡር ላይ ሲሠራ ሞቶ እነሱ ወደ ወንድሙ ቤት ከገቡ ወዲህ ኑሯቸው ይኸው ነው። አቡጀዴ ዓይን ይከልላል እንጂ ጆሮ አይከለክልም። ሳሊህ ይህ ጠፍቶት አይደለም፤ ግን የዚያችን ልጅ ጆሮ ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት!

ገና ጀንበር ሳትወጣ አስተማሪ ተማሪው ቤት መጥቶ ጆንያ ላይ ከተቀመጠ ነገር አለ ማለት ነው። መምህር ሐዲስ ካባቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰብስበው፣ የቀረበላቸውን ሻይ ሳይነኩ፣ በየመሃሉ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነበር የሚያወሩት። «ባላምባራስ አስፋው ዛሬ ለፉክክሩ ራሳቸው ይመጣሉ። እንግዶችም ይዘው ነው የሚመጡት። ልጄ አንደኛ ይወጣል ብለው ላገር ምድሩ አውርተዋል። አለማየሁ በሌላ ልጅ ቢሸነፍ ምንም አልነበረ፤ ግን በሴት ልጅ፣ ያውም…» አልጨረሱም። ሳሊህም አልጨረሰላቸውም። የአንዱ አንገት ላይ ያለው ማተብና የሌላው ራስ ላይ ያለው ቆብ ቀሪውን ተናገሩት።

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት?» አለ ሳሊህ።

«ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ፣ ጥያቄው ሲደርሳት አላውቅም ትበል። በቃ። ሁለተኛ ትሆናለች፤ ሁለተኛም እኮ ትልቅ ነገር ነው። ከነገም ወዲያ እንደ ልማዷ ትማራለች። ከመለሰች ግን ቁርጡን ነግረውኛል፤ ያቺ ልጅ ልጄን ብታሳፍረው በዚያ በር ሁለተኛ እንዳትገባ ብለዋል። የትምህርት ቤቱን ጣራ ቆርቆሮ ያለበሱት እሳቸው ናቸው። እኔ ምን ላድርግ?»

«የሱቄን ቦታም የሚሰጡት የሚነሡትም እሳቸው ናቸው» አለ ሳሊህ። ባላምባራስ አስፋው የገበያው ሹም ናቸው፤ በዚያ ሰሞን ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለውን የሱቅ ረድፍ እንደ አዲስ እያደላደሉ ነበርና ነጋዴው ሁሉ ሲያያቸው አንገቱን የሚሰብርበት ጊዜ ነው። «አትመልስም፣ መምህር። ይህ የኔ ቃል ነው።»

በመጋረጃው ግርጌ በኩል የእናቷ እግሮች ይታያሉ። የሻይ ጀበናውን ይዛ ቆማ ነበር። ዙለይካ እናቷ አንድ ነገር እስክትል ጠበቀች። ብዙ አልፈለገችም፤ «ኧረ ተው» ብትል፣ «ለምን?» ብትል፣ ሌላው ቢቀር ጀበናውን ጠንከር አድርጋ ብታስቀምጠው ይበቃት ነበር። እግሮቹ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ መምህሩ ተሰናብተው ሲወጡ ብቻ ወደ በሩ ሄደው ተመልሰው መጡ። ልጅቱ ያን ጊዜ ሁለተኛ እጇን አወጣች። ልቧ አሯል፤ በማን እንዳረረ ግን ለራሷም ግልጽ አልሆነላትም፤ በሹሙ ይሁን፣ በአጎቷ ይሁን፣ ወይስ ትላንት ማባዛትን «እንዳንቺ የሚያውቅ የለም» ብለው ዛሬ ጨው ላይ ተቀምጠው በሸጧት መምህር።

ቁርሳቸውን ቂጣ በሻይ ሲበሉ ሳሊህ ዓይኑን ከብርጭቆው ሳያነሳ «መቼም ሰምተሻል» አላት። ቂጣዋን ቆረሰች። «አላውቅም ማለት ምን ያቅታል? እኔ በቀን መቶ ጊዜ እለዋለሁ። ስኳር ለምን ተወደደ ሲሉኝ አላውቅም፣ ላምባው ለምን አለቀ ሲሉኝ አላውቅም። ይኸው አልሞትኩም።» ሳሊህ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን የሟች ወንድሙን ሚስትና ልጅ ሰብስቦ አያበላም ነበር። ፈሪ ነው እንጂ። ፈሪ ሰው ደግሞ ሌላውም አብሮት እንዲፈራ ካላደረገ እንቅልፍ አይወስደውም። ኡሙሰልማ ከልጇ ኋላ ተቀምጣ ፀጉሯን ትጎነጉናለች። ሹሩባውን ከወትሮው ይልቅ አጥብቃ ስለሳበችው የዙለይካ ዓይን እንባ አቀረረ፤ እንባው ከፀጉሩ ይሁን ከሌላ የጠየቃት የለም። እናትና ልጅ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ሻሹ ታሰረ፣ ቀሚሱ ተስተካከለ፣ ልጅቱ ወጣች።

የታኅሣሥ ነፋስ አዳማን እንደ ልማዱ አቧራ ያለብሳት ነበር። ከጣቢያው ግንብ ሥር ወተት ሻጯ ቡዜ ቅሎቿን ደርድራ ባቡሩን ትጠብቃለች። «አካም ቡልቴ፣ ዙለይካ?» አለቻት፣ እንዴት አደርሽ ስትል በኦሮምኛ። «ነጋ፣ ደኅና» አለች ዙለይካ፣ ቀና ሳትል። ቡዜ ነገሩን አላወቀችም፤ የራሷን ብሶት ጀመረች። የባቡር መንገደኛ ከድሬዳዋ እስከዚህ ድረስ ሲበላ ሲጠጣ መጥቶ እዚህ ሲደርስ ለአንድ ቅል ወተት ቤሳ እየቆጠረ ይከራከራል፤ ትላንትም አንዱ ወተቱን ጨልጦ «ቀጥኗል» ብሎ ቅሉን ወርውሮላት ሄደ። «ምን አልሽው?» አለች ዙለይካ። «ምን እለዋለሁ? ባቡሩ እስኪነሳ ፊቱ ቆሜ 'ክፈል' እያልኩ ጮህኩ። ሰው ሁሉ በመስኮት ብቅ ብሎ አየው። አፍሮ ገንዘቡን ወረወረልኝ» አለችና ሳቀች። ዙለይካ ባትስቅም ትንሽ ቀለል አላት።

ትምህርት ቤቱ ድሮ የዕቃ መጋዘን የነበረ አንድ ረጅም ቤት ነው። ወለሉ አፈር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ተራ የደረሰው ልጅ ውኃ ይረጨዋል፣ ተረኛዋ ትጠርገዋለች፣ ግማሹ አቧራ ተጠራጊ ሳይሆን በራሪ ስለሆነ ሁሉም ሲያስል ነው ትምህርት የሚጀመረው። ከዚያ እንደ ቁመታቸው ተሰልፈው ጥፍራቸውን ያሳያሉ። መምህር ሐዲስ ጸሎት ሲያደርሱ እነ ዙለይካ እጃቸውን አጣምረው ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ለዚህ ማንም ምንም ብሏቸው አያውቅም። ከጸሎት በኋላ የማባዛት ዜማ ነው፤ «ሁለት ጊዜ ሁለት» ብሎ የሚጀምረው ዜማ አሥራ ሁለት ቤት እስኪደርስ ጣቢያ ድረስ ይሰማል። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳና ጠርዙን ምስጥ የበላው ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል። ሴቶቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ከሦስቱም ወደ ፊት ወንበር የተጠጋች ዙለይካ ብቻ ናት።

ይህን ሁሉ የሚያስረሳው ግን የመዳፍ ሕግ የሚሉት ነገር ነው። መምህር ሐዲስ ራሳቸው ካደጉበት ትምህርት ቤት ይዘውት መጡ ይባላል። ጥያቄ የሳተ ተማሪ ተነስቶ እጁን ይዘረጋል፤ ያንኑ ጥያቄ የመለሰው ደግሞ ማስመሪያውን ተቀብሎ መዳፉን አንዴ ይመታዋል። መምህሩ አይመቱም፤ የሚመታው ያወቀው ነው። ልጆቹ በዚህ ላይ የራሳቸውን ሕግ ጨምረውበታል። እጁን ያሸሸ ልጅ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ይሆናል፤ አብሮት ኳስ የሚጫወት አያገኝም። አለስልሶ የመታም አይወደድም፤ «ናቀኝ» ይባላል። ዙለይካ የገባች ሰሞን ወንዶቹ ተሳስተው ነበር፤ ሴት ናት ብለው ማስመሪያውን እንደ ላባ ሲያሳርፉባት እጇን ሳታጥፍ ቆማ «እንደገና! እንደ ሰው ምታኝ!» ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ እንደ ሰው ይመቷታል። ባለፈው ሳምንት አለማየሁ የመታት መዳፏ ሁለት ቀን ሲያቃጥላት ሰንብቷል፤ ቂም ግን አልያዘችበትም። ጥያቄውን ስታ ነበር፤ ምን ታድርግ! አለማየሁም የሹም ልጅ ነኝ ብሎ እጁን አሽሽቶ አያውቅም፤ እውነት ለመናገር ከዚያ ቤት እሱን የመሰለ ተፎካካሪ የላትም።

ፀሐይዋ ስትበረታ እንግዶቹ መጡ። ባላምባራስ አስፋው ነጭ ኩታቸውን አጣፍተው፣ ከሁለት የከተማ ሽማግሌዎች ጋር መምህሩ ባዘጋጁላቸው ወንበር ላይ ከፊት ተቀመጡ። ነጋዴዎችና የጣቢያ ሠራተኞች ከኋላ ቆሙ። ሳሊህ በሩ ጋ ነበር፤ ቆቡን አውልቆ መልሶ ያደርጋል። ባላምባራስ ስለ ትምህርት ጥቅም አጭር ንግግር ላድርግ ብለው ረጅም ንግግር አደረጉ። አንደኛ የወጣው ልጅ በፊተኛው ወንበር ተቀምጦ እስከ ክረምት ድረስ የተማሪዎች አለቃ እንደሚሆን፣ ልጆችም ይህን ተመልክተው እንዲተጉ መከሩ። ሲናገሩ ደጋግመው የሚያዩት አለማየሁን ነበር። አለማየሁ ግን አባቱን አያይም፤ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ የሸመደደውን ይደግማል።

ፉክክሩ ተጀመረ። መጀመሪያ ትንንሾቹ ወደቁ፤ ማካፈል ላይ ብዙዎቹ ተንጠባጠቡ፤ መዳፍ ሲጮህ እንግዶቹ ሳቁ። ዙለይካ ሁለት ልጆች መታች፤ ሁለቱም እጃቸውን እያሻሹ ተቀመጡ። አለማየሁ አራት መታ። በየመሃሉ መምህር ሐዲስ ዙለይካን ሲያዩዋት ዓይናቸው ቶሎ ይሸሻል። ወደ መጨረሻው ወዬሳ የሚባለው ትልቁ ልጅ ሲወድቅ ሁለቱ ብቻ ቆመው ቀሩ። ዙለይካ የእጇን ላብ በቀሚሷ ጠረገች። አጎቷ ከበሩ ጋ ራሱን ወደ ታች ነቀነቀላት፤ «አደራ» ማለቱ ነው።

ከጠዋት ጀምሮ ስታስብበት ነበር፤ አላሰበችም አይባልም። ዝም ብትል ነገም እዚህ ነች። መናገር ማለት ከዚህ ቤት መውጣት ነው፤ ከዚህ ቤት ከወጣች ደግሞ ያ አቡጀዴ መጋረጃና የጨው ጆንያ ናቸው፣ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላም ሳሊህ ለሚመርጥላት ባል መዳር ነው። ስለዚህ ልቧ ወደ ዝምታው አዘንብሎ ነበር። ምን ይሆናል፣ ሁለተኛ ብሆን? እንዲህ እያለች ራሷን ስታባብል ነው መምህሩ ወደ አለማየሁ ዞረው የጠየቁት።

«የአዋሽ ወንዝ መግቢያው የት ነው?»

አለማየሁ ፊቱ በራ። «ቀይ ባሕር!» አለ፣ አፉን ሞልቶ።

መምህር ሐዲስ ፊታቸው ልውጥ አለ። ይህ ባለፈው ሰኞ የተማሩት ነው፤ አለማየሁ ያን ቀን ከአባቱ ጋር አደን ሄዶ ነበር፤ መምህሩም ጥያቄውን ሲያወጡ ይህን ዘንግተውት ኖሯል። ባላምባራስ ከወንበራቸው ራሳቸውን በደስታ ወዘወዙ፤ መልሱ ትክክል ይመስላቸዋል። መምህሩ ወደ ዙለይካ ዞሩ። ወትሮ «አንቺስ!» ነው የሚሉት። ዛሬ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ «ዙለይካ… አታውቂውም አይደል?» አሉ።

«አታውቂውም አይደል?» ይህች ናት ነገሩን ያበላሸችው። ዝም በይ ቢሏት ዝም ትል ነበር። እንዲያ አፏ ውስጥ ቃሉን አጉርሰው፣ አላዋቂነቷን ራሳቸው አዘጋጅተው፣ ለእሷ የቀረላት ራሷን መነቅነቅ ብቻ ሲሆን፣ አንገቷ አልታዘዝ አላት። እንቢኝ አለ። አጎቷን አየችው፤ ቆቡን በሁለት እጁ ጨምቆ ይዟል። እናቷ አልነበረችም።

«አውቀዋለሁ፣ የኔታ» አለች። «አዋሽ ባሕር አይገባም።»

ቤቱ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቁት ባላምባራስ ናቸው። «ወንዝ ሆኖ ባሕር የማይገባ አለ እንዴ?» አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ውኃ የት ይሄዳል? ሰው ይጠጣዋል?» ሽማግሌዎቹም ከሹሙ ጋር ሳቁ። በዚያ ቤት ያለው ሰው ሁሉ አዋሽን ያውቀዋል፤ ከብቱን ያጠጣበታል፣ ክረምት ሲሞላ ይፈራዋል፤ መጨረሻውን ግን ሄዶ ያየ የለም። መምህር ሐዲስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስተሻል» ብለው ቢገላገሉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር፤ አፋቸውም ለዚያ የተከፈተ ይመስል ነበር። ዙለይካ አልጠበቀቻቸውም። ከሰሌዳው ሥር ያለውን ዱላ አንስታ ካርታው ፊት ቆመች። ወንዙን ከምንጩ ጀምራ እየተከተለች፣ በአዳማ ግርጌ አሳልፋ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ጋር አቆራርጣ ወደ አፋር በረሃ ወሰደችው። እዚያ ሰማያዊዋ መስመር ቀጥና ቀጥና ነጭ ወረቀት ላይ አለቀች። ባሕሩ ገና ወዲያ ነው። «እዚህ ይቀራል» አለች። «በረሃው ይጠጣዋል።»

ሳቁ ቆመ። አንደኛው ሽማግሌ ከወንበሩ ተነስቶ፣ ካርታው ላይ አፍንጫው እስኪነካ ተጠግቶ አየ። «እውነቷን ነው እኮ፣ ያልቃል» አለ፣ ማንን እያስከፋ እንደሆነ ሳይታወቀው። ያን ጊዜ መምህር ሐዲስ ዓይናቸውን ጨፍነው «ልክ ነው» አሉ። ወዲያው ደግሞ እጃቸውን አንስተው «ዛሬ ግን ለእንግዶቻችን ክብር ሲባል የመዳፉ ነገር ይቅር። በዚሁ ጨርሰናል፤ አለማየሁም ዙለይካም ጎበዞች ናቸው» አሉ። ልጆቹ አጉረመረሙ። ከጠዋት ጀምሮ መዳፉ ሲጮህ የዋለ ልጅ ሁሉ እጁን እያየ አጉረመረመ። አንዷ ከኋላ «የኛስ?» አለች።

አለማየሁ ቀልቶ ቆሞ ነበር። ወደ ፊት አንድ ርምጃ መጣና ቀኝ እጁን ዘረጋ።

«እጅህን መልስ!» አሉ አባቱ።

«ስቻለሁ፣ አባባ።»

«መልስ ብዬሃለሁ!»

አልመለሰም። መዳፉ እንደተዘረጋ ነው። ወደ ዙለይካ አየና በሹክሹክታ «እንደ ሰው» አላት። ዙለይካ ማስመሪያውን ከጠረጴዛው አነሳች። ሁሉም ቀስ አድርጋ ነካ ታደርገውና ነገሩ ይበርዳል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ መምህሩ በዓይናቸው ይለምኗታል፤ አጎቷ ከበሩ «ያረቢ!» ሲል ይሰማል። እሷ ግን አለማየሁን ልታዋርደው አልፈለገችም። ክንዷን ከፍ አድርጋ፣ ባለፈው ሳምንት እሱ በመታት ልክ አሳረፈችለት። ጣራው ቆርቆሮ ነውና ድምፁ ቤቱን ሞላው። አለማየሁ ከንፈሩን ነከሰ፤ እጁን አላሸሸም።

ባላምባራስ አስፋው ብድግ አሉ። ወደ ልጃቸውም ወደ ልጅቱም አልዞሩም፤ ወደ በሩ ነው የዞሩት። «አንተ ሳሊህ! የሰጠኸው ቃል ይህ ነው?»

ሳሊህ ውኃ ሆነ። አለማየሁ አባቱን አየ፣ ሳሊህን አየ፣ መምህሩን አየ። «ምን ቃል?» አለ።  «ምን ቃል ነው?»

«አላውቅም እንድል ነው» አለች ዙለይካ። «አንተ አንደኛ እንድትወጣ።»

የተመታው እጁ ያላመጣበት እንባ ያን ጊዜ ዓይኑ ላይ መጣ። ወደ መምህሩ ዞረ። «ባለፈውስ፣ የኔታ? የኅዳሩስ ፉክክር? እሱንም እንዲህ ነው ያሸነፍኩት?» መምህር ሐዲስ መሬት መሬቱን አዩ። 

«የኅዳሩ ያንተ ነው» አለች ዙለይካ። «እኔ ስቼ ነው። ማንም ምንም አላለኝም።»

አለማየሁ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እንግዳውም ሹሙም የለ ይመስል ሄዶ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠና ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ። አባቱ ጠሩት፤ አልዞረም። ደግመው ጠሩት። በገበያው ሺህ ሰው በአንድ ጣታቸው የሚያስነሱት ሰውዬ አንድ ልጅ ማስነሳት አቃታቸው። «ይህች ልጅ ከዚህ ቤት ትውጣ! ሁለተኛ እንዳላያት!» አሉና ኩታቸውን ጎትተው ወጡ፤ ሽማግሌዎቹም ተከተሏቸው።

መምህር ሐዲስ «ለዛሬ ሂጂ» አሉ።

«አንደኛ ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

«ዙለይካ፣ አሁን…»

«ነኝ ወይስ አይደለሁም፣ የኔታ?»

«ነሽ» አሉ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ያህል። እሷ ግን ሰማች፤ ልጆቹም ሰሙ። ሄዳ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ምንም አልሠራችም፤ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ተቀመጠች ብቻ። ሳሊህ በወንበሮቹ መካከል እየተጋፋ መጥቶ ክንዷን ይዞ አስነሳት። እየጎተተ ሲያወጣት ደጃፉ ላይ ተደናቅፋ አቧራው ውስጥ በግንባሯ ተደፋች፤ ያቺ አንድ ቀሚሷ ከደረቷ እስከ ጫፏ ቀይ አፈር ለበሰች። ቀና ስትል ልጆቹ በሩ ላይ ተደራርበው ያዩዋታል። አንድም የሳቀ አልነበረም።

እስከ ቤት ድረስ ሳሊህ አፉን አልዘጋም። ሱቁ እንደተወሰደ፣ እንደሚራቡ፣ አገር ለቀው ወደ ደራ ሄደው በሰው አጥር ሥር እንደሚያድሩ ለመንገዱ ሁሉ ነገረ። ቤት ሲገባ ቆቡን ጆንያ ላይ ወረወረ። ኡሙሰልማ ምስር እየለቀመች ነበር። ሰፌዱን ከጭኗ ሳታወርድ እስከ መጨረሻው ሰማችው። «አጠፋችን! በሰው ፊት የሹም ልጅ መታች! የመከርኳትን ወደ ጎን ብላ ቃሌን አፈር አበላችው። በቃ፣ ከዛሬ ወዲያ ትምህርት የሚባል ነገር የለም። ነገ ከዚህ በር አትወጣም!»

ኡሙሰልማ ልጇን አየቻት። «ምን ብለው ጠየቁሽ?»

«አዋሽ የት እንደሚገባ።»

«አውቀሽው ነበር?»

«አዎ፣ እማ።»

«ካርታው ላይም አሳየች እኮ!» አለ ሳሊህ፣ ወንጀሉን ሲጨምርባት። «ሽማግሌው ሳይቀር ልክ ናት አለ!»

ኡሙሰልማ ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሳች። በዚያ ቤት ውስጥ ሳሊህ እየተናገረ እሷ ተነስታ አታውቅም፤ እሱም ይህን አስተውሎ ኖሮ ንግግሩ መሃል ላይ ተቋረጠ። «ሳሊህ» አለችው። «ወንድምህ ከሞተ ወዲህ አብልተኸናል፤ አላህ ይስጥህ፣ አልክደውም። ጠዋትም ዝም ያልኩት ቤቱ ያንተ ነው ብዬ ነው። ቤቱ ያንተ ነው። ሱቁም ያንተ ነው። ልጅቱ ግን የኔ ናት።»

«እና ምን ልታደርጊ ነው? ሹሙ ከበር ይመልሷታል!»

«ነገ ገበያ ነው። እኔው ይዣት እሄዳለሁ፤ በገበያው መሃል አድርጌ። የሚመልሷትም ከሆነ አንደኛ ወጣች ብለው እንደመለሷት ገበያተኛው ቆሞ ይይ። ከነገ ወዲያም ይዣት እሄዳለሁ። ከዚያም ወዲያ።»

«ከዚህ ቤት ውጡ ብላችሁስ?»

«እንወጣለና» አለች ኡሙሰልማ፣ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ እያየች። «ምንጊዜም ጨው ላይ አንተኛም።»

ሳሊህ ቆቡን ከጆንያው ላይ አንስቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ሳያደርገው ወጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።  ዙለይካ አንድ ነገር ልትል ፈለገች፤ ይቅርታ ይሁን ምስጋና ለይታ ሳታውቀው እናቷ በአንገቷ በኩል ቀሚሷን ገፈፈቻትና የራሷን ነጠላ አለበሰቻት። በውጭ የነበረውን ገንዳ ጎትታ፣ ለነገ የተቀዳውን ውኃ ሳትሰስት ገለበጠችበት። ቀሚሱን ነክራ በሁለት እጇ ማሸት ጀመረች፤ ቀዩ አፈር ከውኃው ጋር ወጣ።

«እማ፣ ሳይደርቅ ቢያድርስ?»

«ነፋሱ አለ፤ ይደርቃል» አለች ኡሙሰልማ፣ ቀና ሳትል። «አንደኛ የወጣ ሰው በቆሸሸ ቀሚስ አይሄድም።»